መያዣውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፦ የአበርዲን የሥልጠና ሳምንት ማስታወሻ

እሑድ

ስኮትላንድ ውስጥ ካለችው ከአበርዲን ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ መንገዱ መርከብ ላይ ያበቃል። አላጋነንኩም። የድሮው ወደብ ከመሀል ከተማው ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ ከሕንጻዎቹ መሀል የመርከብ አናት ብቅ ይላል። ከተማዋ በግራናይት ድንጋይ የተገነባች፣ ግራጫ ናት። ዝናብ ሲመታት ደግሞ ትጠቁራለች። ደማቅ ቀለም ካያችሁ ወይ መርከብ ነው ወይ የወደብ ሠራተኛ ጃኬት።

የወደቡ ታሪክ እስከ 1136 ወደ ኋላ ይቆጠራል። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬ ሥራውን የሰጠው ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሰሜን ባሕር የወጣው ነዳጅ ነው። ከዚህ የሚነሱት መርከቦች ቧንቧ፣ ኬሚካል፣ መለዋወጫ፣ ምግብ፣ ብቻ በባሕር መሀል ነዳጅ በሚወጣበት መድረክ (ፕላትፎርም) ላይ የሚኖር ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ጭነው ይወጣሉ።

የኔ ሥራ የመጋዘን ሠራተኞችን ስለ ጭነት አያያዝ ማሠልጠን ነው። እስካሁን ያሠለጠንኳቸው ጭነታቸው በየብስ ብቻ የሚሄድ ነው። እዚህ የመጣሁት ዕቃው በማዕበል ላይ ከሚወዛወዝ መርከብ በክሬን ተነጥቆ ሲወጣ፣ ያን ዕቃ የሚያሽጉ ሰዎች ምን እንደሚማሩ ለማየት ነው። አንድ የሥልጠና ማዕከል ከተራ ሠልጣኞች ጋር እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። ታዛቢ ወንበር አልፈለግኩም።

ሰኞ

አሠልጣኛችን ሸምገል ያሉ፣ ፕላትፎርም ላይ ለክሬን ምልክት በመስጠት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። በ1998 የወጣውን የብሪታንያ የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ ጠዋት ቶሎ ቶሎ አለፉበት። «ደንቡን ማታ ታነቡታላችሁ» አሉና አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ ጣሉ። በሩ የተከፈተ ኮንቴይነር ነው። ውስጡ ያለው ዕቃ በሙሉ ወደ በሩ ተንዶ መጥቷል። በርሜል ተገልብጧል፣ ካርቶን ተጨፍልቋል።

«በመጀመሪያ ምን ታያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ቀበቶ አለመታሰሩን አለ። ሌላው ከባዱ ዕቃ ከላይ መሆኑን አለ። እሳቸው ግን የፈለጉት መልስ ሌላ ነበር። «በሩን የከፈተው ሰው የት ቆሞ ነበር?»

ክፍሉ ዝም አለ። እኔ በበኩሌ ይቺን ጥያቄ በሥልጠናዬ አንስቻት አላውቅም። የምናስተምረው ዕቃው እንዳይሰበር ነው። ለደንበኛው እንጨነቃለን። በሩን ስለሚከፍተው ሰው ግን ማን ያነሳል?

ከዚያ የዕቃውን መንገድ በሰሌዳው ላይ ሣሉት። ከአቅራቢው መጋዘን በከባድ መኪና ወደ ወደቡ ግቢ፣ ከዚያ በፎርክሊፍት፣ ከዚያ በወደብ ክሬን ወደ መርከብ፣ ከመርከብ በፕላትፎርሙ ክሬን ወደ ላይ። በየመታጠፊያው ዕቃው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ያሸገውና የሚከፍተው ተያይተው አያውቁም። ምናልባትም አይተያዩም። በመሀላቸው ያለው ወረቀትና የታሰረው ቀበቶ ብቻ ነው።

ከሰዓት ቁጥር መጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2014 ባወጡት የጭነት አሻሸግ መመሪያ መሠረት በመንገድ ላይ ያለ ጭነት ወደ ፊት በክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በ50 በመቶ ኃይል እንደሚገፋ ታስቦ መታሰር አለበት። በጣም ለከፋው ባሕር ደግሞ የጎኑ ግፊት 80 በመቶ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን ፓምፕ ከሆነ 800 ኪሎ ወደ ጎን እየገፋ እንደማለት ነው። ልብ በሉ፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲረግጥ ወደ ፊት የሚመጣው ግፊት ከክፉ ማዕበል የጎን ግፊት ጋር እኩል ነው። አደጋው የሚጀምረው ገና ባሕሩ ሳይታይ ነው።

ስለ ኮንቴይነሩም ተነሳ። በየወደቡ የምናየው ተራ ኮንቴይነር የሚነሳው ጸጥ ባለ ወደብ ነው። ባሕር መሀል ግን መርከቡ ከፍ ዝቅ እያለ ክሬኑ ይስባል። መንጠቆው ሲወጠር መርከቡ ወደ ታች ከወረደ ሰንሰለቱን የሚጎትተው ኃይል ከዕቃው ክብደት በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚውለው ኮንቴይነር ሌላ ነው። አይ ኤስ ኦ 10855 በሚባለው ደረጃ ይሠራል፣ ከነጭነቱ እስከ 25 ቶን ሊደርስ ይችላል፣ ማንሻ ጆሮዎቹ ከክፈፉ ጋር ተበይደዋል። ተራውን ኮንቴይነር «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ መላክ የለም።

ማክሰኞ

የሳምንቱ ዋና ቀን ይህ ነው።

ግቢው ውስጥ ባዶ ኮንቴይነሮችና ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ የዕቃ ክምር ጠበቀን። ፓምፕ፣ በርሜል፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ የሞላበት ሣጥን፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ረጅም ላሜራ፣ ካርቶን። በቡድን ተከፈልን። ሁሉም ወደ ዕቃው ሮጠ። አሠልጣኙ አስቆሙን። «ባዶውን ማን አየው?»

ባዶ ኮንቴይነር መፈተሽ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ባዶ ክብደቱን፣ ሊሸከም የሚችለውንና የምርመራውን ቀን ይናገራል። ወለሉ ተበስቷል? የበሩ ማጠፊያ ይሠራል? ጣሪያው ላይ ሰው የረሳው ነገር አለ? ከሁሉም በላይ ግን የፎርክሊፍቱ ሹካ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጭቃና ጠጠር እዚያ ተጠቅጥቆ ይቀራል። ኮንቴይነሩ በክሬን ሲነሳ ይረግፋል።

አሠልጣኙ ከአንዱ ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት ቆርቁረው የቡጢ ግማሽ የሚያክል ድንጋይ አወጡ። ራሳቸው ደብቀውት ይሆናል፤ እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ። ከ20 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ይህን የሚለው ማንም አይደለም፣ የመሬት ስበት ሒሳብ ነው። ድንጋዩን እጅ በእጅ አዟዟሩትና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ለቀጣዩ ቡድን መሆን አለበት።

ከዚያ ማሸግ ጀመርን። ከባዱ ከታች፣ ከመሀል። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ ኮንቴይነሩ ሲነሳ ይዘማል፣ ውስጥ ያለውም ይንሸራተታል። ክፍተት አይተውም። ክፍተት ካለ በሞራሌ እንጨት ይደገፋል ወይም በአየር ትራስ ይሞላል። ቀበቶው የሚታሰረው ግድግዳው ላይ ለዚህ ተብሎ በተበየደው ቀለበት ነው እንጂ ባገኙት ብረት ላይ አይደለም። ስለታም ጠርዝ ባለበት ቀበቶው እንዳይቆረጥ መከላከያ ይገባል። መጨረሻ ላይ በሩ ከመዘጋቱ በፊት መረብ ይወጠራል።

ሲነገር ቀላል ነው። ሰዓት ተይዞ ሲሠራ ግን ሌላ ነው። አንድ ቡድን በጣም ፈጠነ። ሌሎቻችን ገና ፓምፑን ስንገፋ እነሱ በሩን ዘግተው እያዩን ይስቁ ነበር። እኔ በልቤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩ፤ ግን ለማን ልተርጉመው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው ይህን ጉዞ ያዋጣው። ኮንቴይነሮቹ ተራ በተራ ከባድ መኪና ላይ ተጭነው ግቢውን ዞሩ። ሾፌሩ ሆን ብሎ ፍሬን ይረግጣል፣ ሹል ኩርባ ይታጠፋል። ተመልሰው ሲመጡ ቡድኖቹ ተቀያየሩ። የራስህን አትከፍትም። ሌላ ቡድን ያሸገውን ነው የምትከፍተው።

የሰዉ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ጠዋት ሲስቁ የነበሩት ልጆች አሁን ከበሩ ፊት ለፊት መቆም አልፈለጉም። አከፋፈቱም ትምህርት አለው። መጀመሪያ አንዱ በር ብቻ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከበሩ ጀርባ ተቆሞ። መቆለፊያው ዘንግ ከወትሮው ከጠነከረ ዕቃ ተደግፎበታል ማለት ስለሆነ እዚያው ይቆማል፣ አለቃ ይጠራል። ተዘግቶ የቆየ ኮንቴይነር ከሆነ አየሩ እስኪለወጥ ይጠበቃል።

የፈጣኖቹ ኮንቴይነር ሲከፈት የቀለም ቆርቆሮዎቹ መረቡ ላይ ተደራርበው ተንጠልጥለው ነበር። መረቡ ባይኖር የከፈተው ልጅ እግር ላይ ነበሩ። አሠልጣኙ ምንም አላሉም። ያሸጉትን ጠርተው ጎን ለጎን አቁመው እንዲያዩት ብቻ አደረጉ። እኔ ብሆን አንድ ሰዓት እሰብክ ነበር።

ረቡዕ

ዝናብ። የንፋሱ ነገር አይነሳ። ክሬኑ ቆሞ ዋለ፤ ግማሹን ቀን መጋዘን ውስጥ ነበርን።

ርዕሱ የማንሻ ገመድ፣ ሰንሰለትና ሻክል፣ ማለትም ማንሻውን ከኮንቴይነሩ ጆሮ የሚያያይዘው ብረት ነው። ለባሕር ሥራ የሚውለው ኮንቴይነር የራሱ ማንሻ አብሮት ይኖራል፤ ለመቀየር ካልሆነ በቀር አይፈታም። ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው ማዋስ ክልክል ነው። ሻክሉ ብሎን፣ ዳዶና ዳዶው እንዳይዞር የሚይዝ ፒን ሊኖረው ይገባል። የማንሻ ዕቃዎች በብሪታንያ ደንብ መሠረት በየ6 ወሩ በባለሙያ ይመረመራሉ። ይህ ግን ሠራተኛው ዛሬ ጠዋት ከማየት አያድነውም። ሽቦው ተበጥሶ ወጥቶ ይሆን? ተጣሞ ይሆን? ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር ይገጥማል?

ቧንቧ ማሰር ላይ ትንሽ ቆየን። ኮንቴይነር ውስጥ የማይገባ ረጅም ቧንቧ በእቅፍ ይታሰራል። በሁለት የሽቦ ገመድ፣ እያንዳንዱ ከየጫፉ ሩብ ያህል ገባ ብሎ፣ እቅፉን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይጠብቃል። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ መሀል ያሉት ቧንቧዎች ሾልከው ይወጣሉ። ገመዱ መሬት ሲያርፍ እንዳይላላም ይያዛል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ርዝመታቸው የተለያየ ቧንቧዎችን አንድ ላይ ማሰርም አይፈቀድም።

ስለ መምሪያ ገመድ አንድ ነገር ልጨምር። የተንጠለጠለ ዕቃ እንዳይሽከረከር ሠራተኛው ከሩቅ የሚይዘው ገመድ ነው። ቋጠሮ አይኖረውም፣ እጅ ላይ አይጠመጠምም። ቋጠሮ የሆነ ነገር ላይ ይነከሳል፤ የተጠመጠመ ገመድ ደግሞ ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል። ይህ እኮ ለየትኛውም የግንባታ ቦታ ይሠራል።

ሐሙስ

አደገኛ ዕቃዎች። ብዙዎች የሚፈሩት ቀን፤ ፈተናው ከባድ ነው።

ዓለም አቀፉ የባሕር አደገኛ ዕቃዎች ኮድ ዕቃውን በ9 ምድብ ይከፍለዋል። ፈንጂው 1፣ ጋዙ 2፣ ተቀጣጣይ ፈሳሹ 3 እያለ ይሄዳል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ምልክት በየጎኑ 100 ሚሊ ሜትር፣ ኮንቴይነሩ ላይ የሚለጠፈው 250 ሚሊ ሜትር ነው። ከ2010 ጀምሮ ይህን ዕቃ የሚነኩ የየብስ ሠራተኞችም መሠልጠናቸው ግዴታ ነው። አብረው የማይቀመጡትን ማወቅ ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። አቀጣጣይ ነገር (ኦክስጅን እየሰጠ እሳት የሚያባብስ) እና ተቀጣጣይ ፈሳሽ አንድ ጣሪያ ሥር አይገቡም፤ አንዱ ፈስሶ ሌላውን ካገኘ ማንም አይደርስበትም።

ችግሩ ትልልቁ በርሜል አይደለም። ትልቁ በርሜል ራሱ ይጮሃል፤ ምልክት አለው፣ ወረቀት አለው። የሚያስቸግረው መካኒኩ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የጣላት አንድ የሚረጭ ቆርቆሮ ናት። የሊቲየም ባትሪ ያለው መሰርሰሪያ ነው። ወረቀቱ «መሣሪያ» ይላል። እውነት ነው፣ መሣሪያ ነው። ግን ሣጥኑ ቢጨስ የመርከቡ ሠራተኛ ምን እንደሚያጠፋ አያውቅም።

የመልሱ ጉዞ ደግሞ የባሰ ነው ይላሉ። ከየብስ የሚሄደው ዕቃ በሠለጠኑ ሰዎች፣ በደህና መጋዘን ይታሸጋል። ከፕላትፎርም የሚመለሰውን የሚያሽገው የሌላ ሙያ ሰው ነው፤ ነፋስ ላይ ቆሞ፣ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል። ግማሽ የቀረ ኬሚካል፣ ምልክቱ የተላጠ በርሜል፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳ ይመጣል። አሠልጣኙ እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠነከረ። የማሸግ ትምህርት ለወደብ ሰው ብቻ መሰጠቱ አይዋጥላቸውም። እኔም እስማማለሁ። ግማሹን መንገድ አስተምሮ ግማሹን መተው ነው።

ማታ ወደ ሄዝልሄድ መናፈሻ ሄድኩ። የፓይፐር አልፋ መታሰቢያ እዚያ ነው፤ ሦስት የነሐስ ሠራተኞች በድንጋይ ላይ ቆመዋል። በጁላይ 6 ቀን 1988 ከአበርዲን ሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የነበረው ይህ ፕላትፎርም ሲቃጠል 167 ሰዎች ሞቱ። 61 ሰዎች ተረፉ።

መነሻው ጭነት አልነበረም። ቀን የሠሩት ሠራተኞች ከአንድ ፓምፕ ላይ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና አውልቀው ነበር። ማታ የገቡት ይህን አላወቁም። ሌላው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንን አስነሱት፣ ጋዝ አፈሰሰ። ቫልቩ መውለቁን የሚናገረው ወረቀት ለሚያስፈልገው ሰው አልደረሰውም። ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ በ1990 ሲያበቃ 106 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ ሁሉም ተቀባይነት አገኙ።

ስሞቹን እያነበብኩ ስለ ቅጾች ሳስብ ራሴን ያዝኩ። ሠልጣኞች ሁሌ «ይሄ ወረቀት ለምን ይበዛል?» ይላሉ። እዚህ ከተማ ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ዓርብ

ከከተማው በስተደቡብ ያለው አዲሱ ወደብ ሄድን፤ በ2023 የተመረቀ ነው። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የሚያበራ ጃኬት፣ የመታወቂያ ምርመራ፣ የደኅንነት ገለጻ። መርከቡ ላይ መውጣት አልተፈቀደልንም፤ ከባሕሩ ዳር ሆነን አየን።

የአቅርቦት መርከብ አሠራሩ ይገርማል። ሰው የሚኖርበት ክፍልና መሪው ሁሉ ፊቱ ላይ ተከምሯል። ጀርባው ረጅምና ዝርግ ሜዳ ነው፤ ኮንቴይነሩ የሚሰለፈው እዚያ ነው። ከወለሉ በታች ደግሞ ለጉድጓድ ቁፋሮ የሚሆን ጭቃ፣ ሲሚንቶ፣ ውኃና ነዳጅ የሚይዙ ታንከሮች አሉ። ከላይ የምታዩት ግማሹን ብቻ ነው።

ያየነው ጭነት ጸጥ ያለ ነበር። የሚጮህ ካቦ የለም። ለክሬኑ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ በልብሱ ይለያል። «ቁም» የሚለውን ምልክት ግን ማንም ሊሰጥ ይችላል፣ ኦፕሬተሩም ሳይጠይቅ ያቆማል። አንዴ አንድ ወጣት እጁን አነሳ። ክሬኑ ቆመ። ኮንቴይነሩ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ነበር፤ ዝቅ አደረጉት፣ አዩት፣ መልሰው አነሱት። የተቆጣው ሰው አልነበረም። ከሁሉም ይህንን ነው የወደድኩት።

አሠልጣኙ ባሕር መሀል የሚሆነውን እዚያው ቆመው አስረዱን። ዕቃ ሲነሳ የመርከቡ ሠራተኞች ከጎን ካለው የብረት መከላከያ ጀርባ ይገባሉ። ሁለት ኮንቴይነር መሀል መቆም የለም። ዕቃው የሚነሳው በተራው፣ ከዳር ተጀምሮ ነው። ፕላትፎርሙ «ያቺን ከመሀል ያለችውን ቶሎ ላኩልን» ሲል እንቢ ይባላል፤ ምክንያቱም መንጠቆ ለማያያዝ ሰው ማምለጫ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ነው። ስለዚህ የትኛው ዕቃ መጀመሪያ እንደሚፈለግ የሚያውቅ ሰው ወደቡ ላይ መኖር አለበት። የጭነት ቅደም ተከተል የሚበላሸው እዚህ ነው፣ የሚጎዳው ሰው ግን እዚያ።

ከሰዓት ፈተናው ነበር። የጽሑፉ ብዙም አልከበደኝም። የተግባሩ ላይ ኮንቴይነር ሰጡን፤ ውስጡ ጉድለቶች ተደብቀዋል፣ ፈልግ ነው። ጎበዝ የሆኑት እድሜያቸው ገፋ ያሉት አልነበሩም። ማክሰኞ የቀለም ቆርቆሮዎቹ የነበሩበትን ኮንቴይነር የከፈተው ልጅ ሁሉንም አንድ በአንድ አገኛቸው። የፎርክሊፍቱ ሹካ ቀዳዳ ውስጥ የነበረውን ድንጋይ ጭምር።

ቅዳሜ

ባቡሬ ከሰዓት ነው። ጠዋት የባሕር ሙዚየሙን አየሁ። መርቺሰን ይባል የነበረው ፕላትፎርም ሞዴል እዚያ አለ፤ ቁመቱ 8.5 ሜትር ሲሆን በየፎቁ እየወጡ የሚያዩት ነው። ቱሪስቱ እግሮቹን ያያል። እኔ ዕቃ የሚያርፍበትን ቦታ ፈለግኩ። ጠባብ ነው! ቱቦና ደረጃ ከብቦታል። አንድ ኮንቴይነር እዚያ ካረፈ በሩን ለመክፈት ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ እንኳ ብዙ አይደለም። ይህን ሥዕል ለሠልጣኞች ሳላሳይ ስለ በር አከፋፈት ብናገር ዋጋ የለውም ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

ካፌ ተቀምጬ የሥልጠና ዕቅዴን ከፈትኩ። ሁለት የክፍል ሰዓት ሰርዤ በምትካቸው ጭኖ የማዞርና ቡድን የመቀያየር ልምምድ አስገባሁ። ለዚህ ባሕር አያስፈልግም፤ ግቢ፣ ከባድ መኪናና ፍሬን መርገጥ የማይፈራ ሾፌር ይበቃል። አለቆቼ የነዳጁን ወጪ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። የመልሱ ጭነት ጉዳይ ላይም አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ባዶ ጠርሙስና ባዶ ሲሊንደር የሚመልሱልን ደንበኞች ሾፌሮችም ሥልጠናው ላይ ይቀመጡ የሚል ነው። ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አልተወሰነም።

አሠልጣኙ ጋር ለስንብት ደወልኩ። የዕቃ ክምራቸውን ዝርዝር በኢሜይል ላኩልኝ፤ የትኛው ዕቃ የትኛውን ስህተት እንደሚያወጣ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። ፓምፑንና በርሜሉን ግን አውጥቼ የኔ ሰዎች በየቀኑ የሚጭኑትን እንዳስገባ አጥብቀው ነገሩኝ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ ድንጋይ እንዳልረሳ አሳሰቡኝ።